አባ ጎርጎርዮስን የጋበዘው የጎታ መስፍን፦ ስለ “መንፈሳዊው ኤርንስት” ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአማርኛ ሰዋስው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እንደ ታተመ ያነበበ ሰው አንድ ስም ሳያጋጥመው አይቀርም፦ የጎታው መስፍን ኤርንስት። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። ሰውየው ግን ከዚያ በላይ ይገባዋል። እኛን የሚመለከት ታሪክ አለው፤ ዘሩም እስከ ዛሬ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ስለ ሕይወቱ፣ ስለ ትዳሩና ስለ ልጆቹ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኤርንስት ማን ነበር?

ከ1640 እስከ 1675 ሳክሰ-ጎታ የምትባል ትንሽ የጀርመን ግዛት የገዛ መስፍን ነው። ግዛቱ የነበረው በዛሬዋ ጀርመን መሃል፣ ቱሪንጊያ ውስጥ ነው። ኤርንስት የተወለደው በ1601 በገና ዕለት አልተንቡርግ ከተማ ነው። አባቱ የሳክሰ-ቫይማር መስፍን ዮሐን ነበር። አባቱ ሲሞት ኤርንስት ገና አራት ዓመት አልሞላውም። እናቱ ዶሮቴያ ማሪያም በ1617 ከፈረስ ወድቃ ሞተች። በእናቱ ቤት ጸሎትና ትምህርት የጠበቀ ነገር ነበር፤ ያ አስተዳደግ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። “መንፈሳዊው” የሚለው ቅጽል ስምም የወጣለት በዚሁ ነው። ጥብቅ ሉተራዊ ነበር።

ለምንድን ነው ሁሉም “ሳክሰ-እንዲህ፣ ሳክሰ-እንዲያ” የሚባሉት?

ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ግን ለእኛ አገር ሰው ቀላል ነው። ርስት ነው። አባት ሲሞት ወንዶች ልጆች አገሩን ይካፈላሉ፣ የእነሱም ልጆች እንደገና ይካፈላሉ። ሁለት ሦስት ትውልድ ሲያልፍ ትልቁ ማሳ ቁርጥራጭ ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ የድሮውን የሳክሰን ስም ይዞ የራሱን ዋና ከተማ ስም ይጨምርበታል፦ ሳክሰ-ቫይማር፣ ሳክሰ-ጎታ፣ ሳክሰ-ማይኒንገን።

ቤተሰቡ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። የኤርንስት ቅድመ አያት ዮሐን ፍሪድሪሽ የጀርመንን ንጉሠ ነገሥት ከሚመርጡት ሰባት ታላላቅ መሳፍንት አንዱ ነበር። ማርቲን ሉተር ያስተምርባት የነበረችው ቪተንቤርግ የእሱ ከተማ ናት። በ1547 ሙልቤርግ ላይ ከንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ጋር ተዋጋና ተሸነፈ፤ ተማረከም። የመራጭነት ማዕረጉና ሰፊው አገር ለዘመዱ ለሞሪትስ ተሰጠ። ለልጆቹ የቀረላቸው ቱሪንጊያ ውስጥ ያለው መሬት ብቻ ነው። ኤርንስት የተወለደው ክብሩን አጥቶ ስሙ ብቻ በቀረለት ቤት ውስጥ ነው።

በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ተዋግቷል?

አዎ። ይህ ከ1618 እስከ 1648 ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በጀርመን ምድር የተዋጉት ጦርነት ነው። ኤርንስት በ1631 ከፕሮቴስታንቱ የስዊድን ንጉሥ ከጉስታፍ አዶልፍ ጋር ተሰለፈ። ንጉሡ በሞተበት በ1632ቱ የሉትሰን ጦርነት ላይም ነበር። በጦር ሜዳ የገነነው ግን ታናሽ ወንድሙ በርንሃርድ ነው። በርንሃርድ የፍራንኮኒያን ግዛት ሲያገኝ አስተዳደሩን ለኤርንስት ሰጠው። በ1634 ስዊድኖች ኖርድሊንገን ላይ ሲሸነፉ ያም ተነነ። በማግስቱ ዓመት ኤርንስት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተደረገውን የፕራግ ሰላም ተቀብሎ ከጦርነቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰይፍ አልመዘዘም።

ጎታን እንዴት አገኘ?

በ1640 ሦስት ወንድማማቾች የአባታቸውን አገር ተካፈሉ። ቪልሄልም ቫይማርን፣ አልብረሽት አይዘናህን፣ ኤርንስት ጎታን ወሰዱ። አልብረሽት በ1644 ልጅ ሳይወልድ ስለ ሞተ ድርሻው ለሁለቱ ተከፈለ።

ኤርንስት የደረሰው ጦርነት ባደቀቀው አገር ላይ ነው። ከተማዋ ውስጥ መሳፍንቱ የሚኖሩበት ግንብ እንኳ አልነበረም፤ የድሮው ምሽግ ግሪመንሽታይን በ1567 ፈርሷል። በ1643፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በዚያው ኮረብታ ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት አስጀመረ። ፍሪደንሽታይን ይባላል። ከበሩ በላይ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ሲሳሳሙ በድንጋይ ተቀርጸዋል፤ አንዷ ሰላም፣ አንዷ ፍትሕ። ሥሩ ላይ “ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ያመነምናል” የሚል ሐሳብ ያለው ጽሑፍ አለ። “ጽድቅና ሰላም ተስማሙ” የሚለውን መዝሙር የሚያውቅ ሰው ምስሉን አይቶ ወዲያው ይረዳዋል። ጦር በየመንደሩ በሚመላለስበት ዘመን ይህን በር ላይ ማስቀረጽ ድፍረት ነው።

ሚስቱ ማን ነበረች? ትዳሩስ ምን አመጣለት?

በ1636 የሳክሰ-አልተንቡርግን መስፍን ብቸኛ ልጅ ኤሊዛቤት ሶፊን አገባ። እሷ 17 ዓመቷ፣ እሱ 34 ነበር። 18 ልጆች ወለዱ። ብዙዎቹ በልጅነታቸው አለቁ፤ ፈንጣጣ ቤተ መንግሥትና ጎጆ አይለይም ነበር። ለአካለ መጠን ከደረሱት ውስጥ ሰባቱ ወንዶች ናቸው።

ትዳሩ ፍሬ ያፈራው ከ36 ዓመት በኋላ ነው። በ1672 የመጨረሻው የአልተንቡርግ መስፍን በ14 ዓመቱ በፈንጣጣ ሞተ። ወራሽ አልነበረውም። የኤሊዛቤት ሶፊ የዘር መብት ተነሣና አብዛኛው የአልተንቡርግ አገር ለኤርንስት ሆነ። የቫይማር ዘመዶቹ ተከራክረው ከፊሉን ወሰዱ። ያም ሆኖ ግዛቱ በአንድ ጊዜ ሰፋ። ወንድሙ በርንሃርድ በሰይፍ ያገኘው ሁሉ በእጁ አልቀረም፤ ኤርንስት በሠርግ ያገኘው ግን ለልጆቹ ተላለፈ።

እንደ ገዥ ምን ሠራ?

ትምህርት ቤት። በአንድ ቃል መልስ ካስፈለገ ይኸው ነው።

አንድሬያስ ራይኸር የተባለ መምህር አስመጣ። በ1642 ለመንደር ትምህርት ቤቶች የሚሆን ዝርዝር ደንብ ታተመ። ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል አምስት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት እንዲገቡ፣ ልጁን የማያስገባ ወላጅ መቀጫ እንዲከፍል ተወሰነ። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሂሳብና የሃይማኖት ትምህርት ነበረበት። በኋላ ስለ ተፈጥሮና ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ ጠቃሚ ነገሮች የሚያስተምር መጽሐፍ ተጨመረ። ከተማው ውስጥ ማተሚያ ቤት ስለ ተቋቋመ የመማሪያ መጽሐፉ እዚያው ይታተም ነበር። በዘመኑ አውሮፓ የገበሬ ሴት ልጅ በሕግ ተገድዳ ፊደል የምትቆጥርበት አገር እምብዛም አልነበረም። የጎታ ገበሬ ከሌላ አገር መኳንንት ይልቅ የተማረ ነው እየተባለ ይወራ ነበር።

ቁጥጥሩም ጥብቅ ነበር። መስፍኑ ቤተ ክርስቲያን የሚቀረውን፣ ትምህርተ ሃይማኖት የማያውቀውን ሁሉ መርማሪ እየላከ ያስጠይቅ ነበር። ለዛሬ ሰው ይከብዳል። ትምህርት ቤቱና ቁጥጥሩ ግን ከአንድ እምነት የመጡ ናቸው። ለተገዥው ነፍስ እግዚአብሔር እንደሚጠይቀው ያምን ነበር።

ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው ምንድን ነው?

በ1652 አንድ ኢትዮጵያዊ የቤተ መንግሥቱ እንግዳ ሆኑ። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የኤርፉርት ተወላጅ የሆነው ሂዮብ ሉዶልፍ ገና በወጣትነቱ ግዕዝን በራሱ ጥረት ከመጻሕፍት ተማረ። በ1649 ሮም ሄዶ በቫቲካን አጠገብ ባለው የሐበሾች ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትንና ካህናትን አገኘ። ከእነሱ ሁሉ የጠበቀ ወዳጁ አባ ጎርጎርዮስ ሆኑ። አባ ጎርጎርዮስ አማራ ናቸው። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያንን) ካስወጡ በኋላ ከካቶሊኮቹ ጋር ከአገር የወጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የሚግባቡት በግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ አማርኛ የተማረው ከእሳቸው አፍ ነው።

ሉዶልፍ በ1652 የመስፍን ኤርንስት አገልጋይ ሆነ፤ የመስፍኑ ልጆች አስተማሪም ነበር። መስፍኑ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ሲሰማ ጠርቶ አስመጣቸው። ካቶሊክ የሆኑ ሐበሻ፣ የአልፕስ ተራራን ተሻግረው የሉተራውያን መስፍን ዘንድ ደረሱ። በእነዚያ ወራት መስፍኑና አማካሪዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ መልክዓ ምድሩ፣ ስለ ሕዝቡ ልማድ ይጠይቋቸው ነበር። ሉዶልፍ ያስተረጉማል፤ መልሱም ይጻፋል።

ያ ማስታወሻ በኋላ ትልቅ ሥራ ወጣው። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ። በ1691 ሰፊ ማብራሪያውን፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ-ላቲን መዝገበ ቃላት አወጣ። አማርኛ ሰዋስው ተበጅቶለት ሲታተም ያ የመጀመሪያው ነው። እኔ እንደማምነው ግማሹ ምስጋና የአባ ጎርጎርዮስ ነው። ሉዶልፍ ራሱም ስማቸውን አልደበቀም፤ የሚያውቀውን ከማን እንዳገኘ በመጽሐፉ ደጋግሞ ጽፏል። እሳቸው ግን መጽሐፎቹን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጉዞ ጀምረው በሶርያ ጠረፍ፣ እስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ።

መስፍኑ ኢትዮጵያን ለምን ፈለጋት?

አንደኛ ሃይማኖት ነው። ሉተራውያን ከሮም ሥልጣን ውጭ የኖረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ለእነሱ ትልቅ ማስረጃ ነበር። ሐሳቡ በቤተሰቡ ውስጥ አዲስ አልነበረም። በ1534፣ ቅድመ አያቱ ዮሐን ፍሪድሪሽ በሚገዛበት ጊዜ፣ ዲያቆን ሚካኤል የተባሉ ኢትዮጵያዊ ቪተንቤርግ ሄደው ከሉተር ጋር ተነጋግረዋል። ሁለተኛው ፖለቲካ ነው። ቱርክን ከኋላ የሚያስጨንቅ ክርስቲያን ንጉሥ ማግኘት የአውሮፓ ሁሉ ምኞት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ መልእክተኛ ልኳል?

ልኳል፤ መልእክተኛው ግን አልደረሰም። በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌበን የተባለ የሉዶልፍ ተማሪ ለዐፄ ፋሲል ደብዳቤ ተሰጥቶት ተነሣ። በ1664 ግብፅ ገባ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትሂድ አሉት። ምክሩ መሠረት ነበረው፤ ዐፄ ፋሲል በኢየሱሳውያን የደረሰውን ስላልረሱ የምጽዋና የሱአኪን የቱርክ ሹማምንት የፈረንጅ ቄስ እንዳያሳልፉ ተስማምተው ነበር። ቫንስሌበን ካይሮ ቆየ፣ የመስፍኑንም ገንዘብ ጨረሰ። ከዚያ ጎታ አልተመለሰም። በ1665 ጣልያን ገብቶ ካቶሊክ ሆነ፣ ሮም ውስጥ የዶሚኒካን መነኩሴ ሆነ። ለመስፍኑ ከዚህ የከፋ መርዶ አልነበረም።

ሰባቱ ወንዶች ልጆች ምን ሆኑ?

ኤርንስት በ1674 አስተዳደሩን ለበኩር ልጁ ለፍሪድሪሽ ለቀቀ፤ በመጋቢት 1675 ሞተ። ወንድማማቾቹ ጥቂት ዓመት በጋራ ለመኖር ሞክረው አልሆነላቸውም። በ1680 አገሩን ለሰባት ከፈሉት። ፍሪድሪሽ ጎታና አልተንቡርግን፣ አልብረሽት ኮቡርግን፣ በርንሃርድ ማይኒንገንን፣ ሃይንሪሽ ሮምሂልድን፣ ክርስቲያን አይዘንበርግን፣ ኤርንስት ሂልድቡርግሃውዘንን፣ የመጨረሻው ዮሐን ኤርንስት ዛልፌልድን ያዙ።

አባትየው ሰላሳ አምስት ዓመት ያሰባሰበው በአምስት ዓመት ተበተነ። ለግዛቱ ጥፋት ነበር። ሦስቱ፣ ኮቡርግ፣ ሮምሂልድና አይዘንበርግ፣ ወንድ ወራሽ ስላልነበራቸው ወዲያው ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩ እስከ 1735 ቆየ። ለዘሩ ግን ሌላ ውጤት አመጣ። አራት ትናንሽ ቤተ መንግሥት ማለት ለትዳር የሚፈለጉ ብዙ ልዑላንና ልዕልታት ማለት ነው። ሉተራዊ ናቸው፣ ዘራቸው ጥንታዊ ነው፣ አገራቸው ትንሽ ስለሆነ ማንንም አያስፈሩም። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሙሽራ ሲፈልግ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ነበር።

የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ ከእሱ ይወለዳል?

አዎ፣ በሁለት በኩል።

አንደኛው በጎታ በኩል ነው። የፍሪድሪሽ የልጅ ልጅ አውጉስታ በ1736 በ16 ዓመቷ ለንደን ሄዳ የዌልሱን ልዑል አገባች። ባሏ ሳይነግሥ ሞተ፤ ልጇ ግን ጆርጅ ሣልሳዊ ሆኖ ነገሠ። መንፈሳዊው ኤርንስት ለጆርጅ ሣልሳዊ ምንጅላት ነው።

ሁለተኛው በመጨረሻው ልጅ በኩል ነው። የዛልፌልዱ ዮሐን ኤርንስት በመጨረሻ ኮቡርግንም ያገኘውን ቤት መሠረተ። ዮሐን ኤርንስት ፍራንስ ዮሲያስን፣ እሱ ኤርንስት ፍሪድሪሽን፣ እሱም ፍራንስን ወለደ። የፍራንስ ልጅ ቪክቶሪያ በ1818 የጆርጅ ሣልሳዊን ልጅ፣ የኬንቱን መስፍን አገባች፤ ልጇ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ንግሥቲቱ በ1840 ያገባችው ልዑል አልበርት ደግሞ የእናቷ ወንድም ልጅ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚያጋባ ሐበሻ ይህ የሚዋጥ አይደለም። እዚያ ግን የዙፋን ጋብቻ በዘመድ መካከል የተለመደ ነበር።

ሌላ የት የት ነገሡ?

ሊዮፖልድ፣ የንግሥት ቪክቶሪያ አጎት፣ በ1831 የቤልጅግ የመጀመሪያው ንጉሥ ሆነ። የዛሬው የቤልጅግ ንጉሥ በወንድ መስመር ከኤርንስት የሚወርድ ነው። ሌላው የኮቡርግ ልጅ ፈርዲናንድ በ1836 የፖርቱጋልን ንግሥት አገባ፤ ልጆቹ እስከ 1910 ነገሡ። የዚያው ቅርንጫፍ ተወላጅ የሆነ ሌላ ፈርዲናንድ በ1887 ቡልጋሪያን ያዘ። ጥብቅ ሉተራዊ ለነበረው ለኤርንስት ዘሮች የሃይማኖት ነገር ቀለል ብሎ ነበር። የቤልጅግና የፖርቱጋል ልጆች ካቶሊክ ሆነው አደጉ፤ የቡልጋሪያው አልጋ ወራሽ ቦሪስ በ1896 ወደ ኦርቶዶክስ ገባ።

ከማይኒንገን የወጣችው አደላይድ የእንግሊዙ የዊልያም አራተኛ ሚስት ናት፤ የአውስትራሊያዋ ከተማ የተሰየመችው በእሷ ነው። ከሂልድቡርግሃውዘን የወጣችው ቴሬዜ ደግሞ በጥቅምት 1810 የባየርኑን (የባቫሪያውን) አልጋ ወራሽ አገባች። ሙኒክ ላይ የሠርጉ ደስታ ሜዳ ላይ በፈረስ እሽቅድምድም ተከበረ፤ በዓሉ በየዓመቱ ቀጠለና ኦክቶበርፌስት ሆነ። ሜዳው ዛሬም በሙሽራዋ ስም ይጠራል።

ከዘሩ ወደ እኛ አካባቢ የመጣ አለ?

አለ። የጎታ መስመር በ1825 ወንድ አጥቶ ሲያልቅ ከተማዋ ለኮቡርጎች ደረሰች። የልዑል አልበርት ታላቅ ወንድም፣ መስፍን ኤርንስት ሁለተኛ፣ በ1862 በግብፅ አድርጎ ምጽዋ ወረደ። ከዚያ ወደ መንሳዕና ወደ ቦጎስ ደጋ ወጣ። የእንስሳት ተመራማሪው አልፍሬድ ብሬምና ሠዓሊው ሮበርት ክረችመር አብረውት ነበሩ። ዋናው ፍላጎቱ አደን ነበር፤ በ1864 ሥዕል ያለበት ትልቅ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ።

ልብ በሉ፣ ዓመቱ 1862 ነው። በዚሁ ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስም አጡ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለዐፄ ፋሲል የጻፈው መስፍን፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ ያልመለሰችው ንግሥት የሩቅ አያት ነው። ከመቅደላ በኋላ የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በቪክቶሪያ አገር አደገ፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። ይህን የዘር ሐረግ በያዝኩ ቁጥር ልቤ እዚህ ላይ ይቆማል።

ዛሬ ምን ማየት ይቻላል?

ጎታ ከኤርፉርት ወደ አይዘናህ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ናት። ፍሪደንሽታይን ሳይፈርስ ቆሟል፤ ሙዚየምና የምርምር ቤተ መጻሕፍት አለው። ኤርንስት የተቀበረው ከተማው ውስጥ በማርጋሬተን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሉዶልፍ በ1704 የሞተው ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በፍራንክፈርት ነው፤ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል በስሙ ይጠራል። ጀርመን የምትኖሩ ከሆነ ጎታን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። መጀመሪያ ወደ ሰሜኑ በር ሂዱና ቀና ብላችሁ ሁለቱን ሴቶች እዩ፤ ከዚያ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ተጠየቁበት ግቢ ግቡ።